የማጠናከሪያ ትምህርት ገንዘብ ለማን ይደርሳል?

ባለፉት ሁለት ክረምቶች በመንዝ ደጋ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በበጎ ፈቃድ የማጠናከሪያ ትምህርት ሳስተምር፣ በሐምሌ መጀመሪያ ሞልቶ የነበረው ክፍል ወሩ ሳያልቅ ይሳሳ ነበር። ይህንንም በቃለ ጉባኤያችን «የወላጆች ግንዛቤ ማነስ» ብለን አሰፈርነው፤ እኔም ፈርሜአለሁ። የቀሩት ልጆች ግን በክፍሉ መስኮት በኩል ይታዩ ነበር፤ ጆንያ እንደ ገሳ ደርበው ከፊት ለፊቱ ተረተር ላይ በግ ይጠብቃሉ። ሐምሌ ማሳው ሁሉ ቡቃያ የለበሰበት ወር ስለሆነ በግ ያለ ጠባቂ አይለቀቅም፤ የበልግ ገብስ ያልያዘለት ቤት ደግሞ በዚሁ ወር ጎተራው ባዶ ነው።

በትምህርት ዘመኑም ቢሆን ነገሩ ከዚህ አይሻልም። ማጠናከሪያው ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሲሰጥ፣ ቤቱ የሁለት ሰዓት መንገድ የሆነ ልጅ፣ በተለይም ሴት ልጅ፣ በጨለማ ከመግባት ትምህርቱን መተው ይመርጣል።

ትምህርት ቤቶች የሚያገኙት የድጎማ በጀት በተማሪ ቁጥር ስለሚሰላ እኩል ይመስላል። እኔ ባየሁት ትምህርት ቤት ግን የማጠናከሪያው ወጪ የሚሸፈነው ከውስጥ ገቢና ከወላጅ መዋጮ ነበር። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ከተማ አስፋልት ዳር ያለ ትምህርት ቤት ሱቅ ሊያከራይ ይችላል፤ የደጋው ትምህርት ቤት ከግቢው ሣርና ከጥቂት ባሕር ዛፍ በቀር የሚሸጠው የለውም። ስለዚህ ተጨማሪ ትምህርት በብዛት የሚያገኘው አስቀድሞም የተሻለ የነበረው ልጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ደግሞ የሁሉም ዓይን በተፈታኞች ላይ ሆነ፤ በ4ኛ ክፍል ፊደል አጥርቶ የማያነበው ልጅ እዚያ ስለማይደርስ ማንም አልቆጠረው።

አንድ እረኛ ተማሪዬ ግን እኛ ያላሰብነውን ነገረኝ፤ ጤዛው ሳይረግፍ በግ አይሰማራም። ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ልጁ ነፃ ነው ማለት ነው። በዚህ ሰዓት ለመማር ግን ትምህርቱ ወደ መንደሩ መቅረብ አለበት፤ የቀበሌው የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ለዚህ ይበቃል። የሚያስፈልገው ገንዘብ ለመምህሩ የመንገድና የማደሪያ አበል፣ ለልጆቹም በባዶ ሆዳቸው እንዳይቀመጡ የሚሆን ቁርስ ነው። የትምህርት ቤት ምገባ ባለበት ቦታ እንኳ ምገባው የትምህርት ቀንን ተከትሎ የሚሄድ በመሆኑ፣ ክረምቱ ላይ ማለትም ረሃቡ በሚጠናበት ጊዜ ይቋረጣል።

ይህንኑ በዕቅድ አዘጋጅተን ለቀጣዩ ክረምት አቀረብን፤ ቁርሱም ቆሎ እንዲሆን ተስማምተን ነበር። ሰነዱን የተመለከቱት የሒሳብ ባለሙያ በትሕትና መለሱልን፤ ጠመኔና ማርከር የበጀት መደብ አላቸው፣ ቆሎ ግን የለውም።