አቦ ቁጭ በል፣ ብርሃኔን ዘጋህብኝ

ሐረር የመጀመሪያውን ሌሊት ያሳለፍኩት ባልዲ ታቅፌ ነው። ቀድሜ ሆቴሉ ደውዬ "ውሃ አለ?" ስላቸው "አለ" ብለውኝ ነበር። አልዋሹም፣ አለ። የሚመጣው ግን ሌሊት ነው፣ ለዚያውም ደስ ሲለው። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ባልዲና ጆግ አስታቅፎኝ "ቧንቧው ሲያስነጥስ ተነስ" አለኝ። ስምንት ሰዓት ላይ አስነጠሰ። ተነሳሁ፣ አየር ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና። አስር ሰዓት ላይ ሻይ የመሰለ ውሃ መጣና ሞላሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ይተኛል? አዛን ስሰማ ካሜራዬን አንግቤ ወጣሁ።

ለምን እንደመጣሁ ልናገር። ካሜራ ከገዛሁ ስምንት ወሬ ነው። ያገለገለ ካኖን፣ ከ18-55 ዙም ሌንስ ጋር። የስምንት ወር ሥራዬን እህቴ ሶፋ ላይ ጋደም ብላ አየችና "ይሄ ሁሉ የመታወቂያ ፎቶ ነው እንዴ?" አለችኝ። ተናደድኩ። በኋላ ብቻዬን ሆኜ ሳየው ልክ ነበረች። ሰው መሐል ላይ ቆሟል። ቤተ ክርስቲያን መሐል ላይ ቆሟል። ማኪያቶ እንኳ መሐል ላይ ነው። ሁሉም በእኔ ቁመት ልክ የተነሱ ናቸው። ጥርት ብለዋል፣ ግን ዓይን መሐሉን ካየ በኋላ የሚሄድበት የለውም።

ፒያሳ ካሜራ የሚጠግን ወዳጅ አለኝ። መድኃኒቱን እሱ አዘዘልኝ፦ "ዙሙን 35 ላይ አድርግና በፕላስተር አሽገው። መቅረብ ስትፈልግ በእግርህ ቅረብ። መራቅ ስትፈልግም በእግርህ።" አሽጌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱን አልተርክም። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አብዛኛውን አንገቴ ተጣሞ ተኝቼበታለሁ። አዋሽ ላይ የጠጣሁት ሻይ ግን ጥሩ ነበር።

የደረስኩበት ቀን ኪሳራ ነው። ሸዋ በር ላይ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ "ጀጎል ውስጥ ካሜራ ይከፈልበታል" አለኝ። 600 ብር። ደረሰኝ ስለው "ደረሰኙ እኔ ነኝ" አለ። ቀልዱ አስቆኝ ከፈልኩ። ማታ ለእንግዳ ተቀባዩ ስነግረው ባልዲውን አስቀምጦ ሳቀብኝ። "600? አቦ፣ ለመንገድ ማን ያስከፍላል?"

በዚያ 600 ብር መጀመሪያ ያነሳሁት ራሱን ሸዋ በርን ነው። ፊት ለፊት፣ መሐል ላይ። ስክሪኑ ላይ ሳየው ሁለት ባጃጅ፣ አንድ የመብራት ምሰሶ፣ ከምሰሶው በአራት አቅጣጫ የተወጠረ ሽቦ፣ ከዚያ ሁሉ ኋላ አንድ ትንሽ በር። እምላችኋለሁ፣ ቆሜ ሳይ ሽቦው አልነበረም። ማለቴ፣ ነበር፤ ግን ዓይኔ ለምዶት ዘሎት ያልፋል። ካሜራ አይዘልም።

ያን የመጀመሪያ ቀን የካሰኝ ባልዲው ነው። በማግስቱ አዛን ላይ በወጣሁበት ሰዓት ጀጎል ውስጥ ሰው የለም። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ናቸው ያሳጠሩት፤ ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው። ውስጡ 368 መንገድ አለ ይላሉ። እኔ ሦስተኛው ላይ ጠፋሁ። አዲስ አበባ አንድ ቤት ሳነሳ ሙሉው እስኪገባልኝ ወደኋላ እሄዳለሁ። እዚህ ሁለት እርምጃ ስሄድ ጀርባዬን ግድግዳ ገጨኝ። ዙሙ ታሽጓል። ስለዚህ ቤቱን ተውኩትና ከቤቱ ያገኘሁትን ወሰድኩ። ግማሽ ሰማያዊ ግድግዳ፣ ገርበብ ያለ አረንጓዴ በር፣ ደፉ ላይ አንድ የልጅ ነጠላ ጫማ። አንድ እግር ብቻ። ሌላው እግር የት ሄደ? በስምንት ወር ውስጥ እንዲህ ያስጠየቀኝ ፎቶ አንስቼ አላውቅም።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ኦቾሎኒ ሻጭ ሳላስፈቅድ ሳነጣጥር አዩኝ። "ልጄ፣ አፍ የለህም? ሰው ሰላም ሳይባል ይነሳል?" አሉኝ። አፈርኩ። ኦቾሎኒ ገዛሁ፣ ሳላነሳቸው ሄድኩ።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ግድር መጋላ ገበያ የሚወስደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። መኪናው የልብስ ስፌት መኪና ነው። ሰፊዎቹ በየበራቸው ተቀምጠው ሲረግጡ የሚሰማው ድምፅ ነው ስሙን ያወጣለት። ሦስት ሰዓት ላይ ፉል በልቼ ስደርስ ግርግሩ ተጀምሯል። እዚያም እዚያም ቆሜ ጠቅ ጠቅ አደረግኩ። ከሰፊ አናት ላይ የበቀለ ጃንጥላ፣ የማንም ያልሆነ ክርን። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ፊት ቆሜ ሳነጣጥር ቀና እንኳ ሳይሉ "አቦ ቁጭ በል፣ ብርሃኔን ዘጋህብኝ" አሉኝና አንዲት ዱካ በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ።

ተቀመጥኩ። ዱካዋ ከመሬት ብዙም አትርቅም። ቆሜ የማየው ኮፍያቸውንና የመኪናውን ጀርባ ነበር። አሁን እጃቸው ከዓይኔ ትይዩ ሆነ። ግራ እጃቸው ብርቱካናማ ጨርቅ ይገፋል፣ ቀኙ ዘውሩን ነካ ያደርጋል። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ክር ያወጣው ስርጉድ መስመር አለ። በሩ ላይ የተንጠለጠሉት ቀሚሶች ከላይ የፍሬሜን አናት ሸፈኑት፣ ያ የተረገመ ሽቦ ጠፋ። ከእጃቸው ኋላ መንገዱ እየጠበበ ይሄድና ጫፉ ላይ አንዲት ካሬ ብርሃን አለች። ካሬዋ ባዶ ናት። ሰው ጎደላት።

ጠበቅኩ። እኔ ሊፍት ሁለቴ የምጫን ሰው ነኝ። ደግሞ አዲስ አበባ ካሜራ ይዤ አንድ ቦታ አርባ ደቂቃ ብቀመጥ ጥበቃ መጥቶ "ማን ፈቀደልህ?" ይለኛል። እዚህ የጠየቁኝ ሽማግሌው ብቻ ናቸው።

"ምን ትጠብቃለህ?"

"ሰው።"

"ሰው መች ጠፋ?"

"እዚያ ብርሃኑ ጋ የሚያልፍ ሰው ነው ጋሼ።"

ዞር ብለው አዩ። ነገሩ ገባቸው። ከዚያማ ሥራውን ነጠቁኝ። እየረገጡ በጎን ዓይናቸው ይጠብቁልኛል። "መጣ፣ መጣ! አይ፣ ይሄ ወፍራም ነው፣ ይደፍነዋል።" ጎማ ተሸክሞ የሚሮጥ ልጅ አለፈ፣ ደረስኩ ስል አመለጠኝ። ሁለት ፍየሎች አለፉ። አንድ ሰውዬ መሐል ላይ ቆሞ ስልክ ማውራት ጀመረ፣ ሽማግሌው በሐረሪኛ ጮኹበት፣ ሄደ። ሻይ መጣ፣ የከፈሉት እሳቸው ናቸው። በመጨረሻ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት፣ ስፌት በራሷ ላይ እንደተሸከመች፣ ካሬዋ ውስጥ ገባች። ብርቱካናማው ከፊት፣ ቢጫው ከኋላ። ሦስት ጊዜ ተጫንኩ። የሆነልኝ ሁለተኛው ነው።

ስክሪኑን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"እኔ የታለሁ?"

"እጅዎ ነው ጋሼ።"

"እጄን ማን ያውቀዋል? ነገ ና። ደህና ሸሚዝ ለብሼ እጠብቅሃለሁ።"

እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ለፎቶ ስለማይሆን በፈረንሳዊው ባለቅኔ በራምቦ ስም የተሰየመው ሙዚየም ገባሁ። ቤቱን ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፣ ራምቦ ራሱ የኖረበት አይመስልም። ላይኛው ፎቅ ላይ የድሮ ሐረር ፎቶዎች አሉ። አርተር ራምቦ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 የንግድ ቤት ወኪል ሆኖ ነው ሐረር የገባው። በ1883 ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ ራሱን አነሳ። አንዱ ላይ ሙዝ ተክሎች መካከል እጁን አጣምሮ ቆሟል። መሐል ላይ! ለእናቱና ለእህቱ ሲልክላቸው ምስሎቹ የነጡት ባጠበባቸው መጥፎ ውሃ ምክንያት መሆኑን ጽፎላቸዋል። ባልዲዬ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ጥበቃው ተገርሞ አየኝ።

ማታ ጅብ ሲያበሉ ለማየት ሄድኩ። ባጃጁ ለመሄድና ለመመለስ 400 ተቀበለኝ፣ አልተከራከርኩም። የጅቦቹ ፎቶ ሁሉ ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች ብቻ ነው። ተስፋ ቆርጬ ዞር ስል የባጃጁ መብራት ተመልካቾቹ ፊት ላይ አርፏል። አንዲት ልጅ የአባቷን ኮት በጥርሷ ነክሳለች። ያንን ይዤ ተመለስኩ።

በማግስቱ መኪና ግርግር ስደርስ ሽማግሌው ነጭ ሸሚዝ፣ አዲስ ኮፍያ፣ የተወለወለ ጫማ አድርገዋል። ከአንገታቸው የማይለየውን ሜትር አውልቀው ሰቅለውታል። መኪናው ላይ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። እጅ፣ ጨርቅ፣ ብርሃን እያልኩ ላስረዳ ሞከርኩ። "እሱንማ ትናንት አነሳህ" አሉኝ። በሩ ላይ መሐል ለመሐል ቆሙ።

"እግሬም ይግባ። ጫማው አዲስ ነው።"

ዙሙ ታሽጓል። ወደኋላ ሄድኩ። አሁንም ጫማው አልገባም። ሌላ እርምጃ ጨመርኩ። ሽማግሌው አገጫቸውን ቀና አድርገው እጃቸውን አጣመሩ። ጫማው ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ጀርባዬ ማዶ ካለው ልብስ ሰፊ መኪና ጋር ተጋጨ።

"አቦ!" አለ ሰውዬው ከኋላዬ። "ብርሃኔን!"