የላኦስ ነሐስ ቡድሃ፦ ጆሮው ለምን ይጎድላል?

ማስታወሻው 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የተቀመጠ ቡድሃን በሰም ቀርጾ፣ ሰሙን አቅልጦ በቦታው ነሐስ ለማፍሰስ ነው። ሰሙን ከመቅረጻችሁ በፊት በላኦስ ዋና ከተማ በቪየንቲያን ያለውን የሲ ሳኬት ቤተ መቅደስ ምስሎች ፎቶ አገላብጣችሁ እዩ። ቀኝ እጅ ከጉልበት በላይ አልፎ ጣቶቹ ወደ መሬት ይወርዳሉ፤ ምድርን ምስክር መጥራቱ ነው። ግራ መዳፍ ጭን ላይ ይዘረጋል። አፍንጫው እንደ ንስር ምንቃር ቆልመም ያለ፣ አናቱ ላይ ነበልባል፣ ጆሮው ረጅም፣ ጠፍጣፋ፣ ከአንገቱ የተላቀቀ።

ውስጡ የሸክላ አፈርና አሸዋ ነው። በደንብ ሲደርቅ 4 ሚሊ ሜትር ሰም ይለብሳል። ሰሙን ወግቶ ውስጠኛው ጭቃ የሚደርስ ስምንት ያህል ምስማር በጀርባና በጎን ይተከል (ፊት ላይ በፍጹም!)፤ አለዚያ ሰሙ ሲወጣ ውስጡ ይንሸራተትና አንዱ ጎን ይበሳል።

ነሐሱ የሚፈስሰው ምስሉ በአናቱ ተዘቅዝቆ፣ በመቀመጫው በኩል ነው። ሁሉም የሚፈራው ነበልባሉን ነው፤ እሱ ግን ከታች ስለሚሆን ቀድሞ ይሞላል። የሚጎድለው የጆሮው ጫፍ ነው። ሲዘቀዘቅ ጫፉ ወደ ላይ ስለሚያይ፣ ከሥር የሚሞላው ነሐስ አየሩን እዚያ ያፍነዋል። ከእያንዳንዱ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሰም ዘንግ እስከ ማፍሰሻው አፍ ይውጣ። ጆሮውን ከአንገት ማጣበቅ ይቀላል፤ ያኔ ግን የላኦስ መልኩ ይጠፋል።

የመጀመሪያው የውጪ ጭቃ የተነፋ አፈርና እበት ነው፤ በብሩሽ ስስ አድርጉት። በእበቱ ውስጥ ያለው የሣር ቃጫ ሲቃጠል የሚተወው ቀዳዳ ጋዝ ያስወጣል። ቀጣዮቹ ላይ የሩዝ ገለባ ይጨመር። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ነሐሱም ስንጥቁን ተከትሎ እንደ ክንፍ ያለ ስስ ትርፍ ያወጣል።

የጭቃው ቅርጽ አፉ ወደ ታች ተደርጎ ሰሙ ይቀልጣል (አንጥረኞቻችን «ሰምና ወርቅ» ያሉት ከዚሁ ሥራ ነው)፤ ከዚያ እስከ 650 ዲግሪ ይተኮስ። እርጥበት ከቀረ የፈሰሰው ነሐስ ወደ ሰው ይፈነዳል።

ሰሙን ከነዘንጎቹ መዝኑ፤ 900 ግራም ከሆነ በ9.2 ተባዝቶ 8.3 ኪሎ፣ ከነመጠባበቂያው 9.1 ኪሎ ነሐስ ይፈልጋል፦ 8.2 መዳብ፣ 0.9 ቆርቆሮ (የጣሪያው ሳይሆን «ቲን» የሚባለው ብረት)። ቆርቆሮው መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ እየተቃጠለ ይቀንሳል። በ1,150 ዲግሪ፣ ሳያቋርጡ ማፍሰስ ነው።

ምስማሮቹን ነቅላችሁ ቀዳዳውን በነሐስ ድፈኑ፤ ብረቱ ከቀረ ዝገቱ ቆይቶ ያዥጎረጉረዋል። የጆሮውን ዘንግ ሁለት ሚሊ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡ፤ ቀሪውን በደቃቅ ሞረድ፣ ጆሮውን ከኋላ በጣት ደግፋችሁ።