የአሮጌ መኪና የነዳጅ ቱቦ ሲያፈስ

ያረጀች መኪና ቤንዚን ቤንዚን ስትሸት ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የሞተር ክፍል) ከመፍታት በፊት ቱቦዎቹን በእጅ መዳሰስ ይቀድማል። የእኔ መኪና ካደረችበት ስትነሳ ኮፈኗ ገና ሲከፈት ሽታው ይመጣ ነበር፤ ምክንያቱም ከነዳጅ ፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው አጭር የጎማ ቱቦ ነበር። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ጎበጥ ሲያደርጉት ግን ፋሸታው (ቱቦውን አንቆ የሚይዘው ቀለበት) ከሚያጠብቅበት ጠርዝ አጠገብ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቆ ቤንዚኑን ላብ በሚመስል እርጥበት ያወጣል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ያፈሰሰውን ቁራጭ ብቻ ቀይሮ ይተወዋል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሌሎቹም ቱቦዎች ዕድሜያቸው ያው ነው፣ ያሳለፉት ቤንዚንም ያው ነው። ከዚህም በላይ አሳሳቹ ችግር የማይንጠባጠበው ነው። ፓምፑ ሞተሩ ላይ በተገጠመባቸው መኪኖች ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው መስመር በመሳብ ስለሚሠራ፣ እዚያ ያለ ስንጥቅ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ቤንዚን በማፍሰስ ፈንታ አየር ያስገባል። መኪናዋ በሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፣ ዳገት ላይ ግን ጉልበት አጥታ ትንገጫገጫለች፤ ባለቤቱም ጥፋት የሌለበትን ካርቡራተር ደጋግሞ ያስፈታል።

በብዙ አገሮች የሚሸጠው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ይቀላቀልበታል፤ የድሮዎቹ ጎማዎች ደግሞ ለዚህ የተሠሩ አልነበሩም። ስለዚህ ቱቦ ሲገዛ በላዩ የታተመውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። ኤስኤኢ ጄ30 የነዳጅ ቱቦ የደረጃ መለያ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ አር7 የሚለው ለካርቡራተር ዝቅተኛ ግፊት የሚሆን ነው፤ አር9 የሚለው ግን ለኢንጀክሽን (ቤንዚንን በግፊት ለሚረጭ ሞተር) ግፊት የተሠራ ሆኖ የውስጥ ሽፋኑ ኢታኖልን በተሻለ ይቋቋማል። ካርቡራተር ላላት መኪናም ቢሆን እኔ አር9ን እመርጣለሁ። በታንኩ ውስጥ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ የሚቀመጥ ቱቦ ካለ ግን እሱም አይበቃም፤ የውጪ ሽፋኑም ቤንዚን መቻል ስላለበት ለዚያ የሚሆነው አር10 ነው።

በወለሉ ሥር የሚያልፈው የብረት ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው ማቀፊያው በያዘው ቦታ ነው፤ ጭቃና እርጥበት እዚያ ይታቆራል። ሙሉውን በጎማ መተካት የሚያጓጓ ቢሆንም መጥፎ አቋራጭ ነው። ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ የተሠራው ቧንቧ በእጅ ይታጠፋል፣ አይዝግም፤ ንጹሕ መዳብ ግን በንዝረት ብዛት ጠጥሮ ይሰነጠቃል። አሮጌውን ሳይቆርጡ በሙሉ ማውጣት ከተቻለ ለአዲሱ መለኪያ ይሆናል። የተቆረጠውን ጫፍ ከውስጥም ከውጪም በሚገባ ማለስለስ፣ ጎማው እንዳይሾልክም ጫፉ ላይ ትንሽ እብጠት ማውጣት ይገባል። ፋሸታው ጥርሱ የተበሳሳው ዓይነት ሲሆን ጎማውን ይቆርጣል፤ ውስጡ ልሙጥ የሆነው ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ከልክ በላይ አይጠብቅም።

ሥራው ደጅ፣ በቂ አየር ባለበት መሠራት አለበት። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄድና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። የባትሪው ኔጋቲቭ በቅድሚያ ይነቀላል፣ የእሳት ማጥፊያም ከእጅ አይርቅም። ተቀድቶ ባዶ የሆነ ታንክ በትነት ስለሚሞላ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል የሚዘነጉ ብዙዎች ናቸው።

ገጥሞ ከጨረሱ በኋላ ሞተሩን አስነስቶ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ነጭ ወረቀት መጥረግ፣ ሞተሩ ሲሞቅም እንደገና መጥረግ ያስፈልጋል፤ እርጥበቱ ዓይን ከሚያየው ቀድሞ ወረቀቱ ላይ ይታያል። ቧንቧው ሲነቃነቅ የተላቀቀው ዝገት ወደ ፊልትሮው (የነዳጅ ማጣሪያው) ስለሚሄድ አዲስ ፊልትሮ፣ በላዩ ያለው ቀስት ወደ ካርቡራተሩ አቅጣጫ ሆኖ ይገባል፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላም እሱኑ አንድ ጊዜ ደግሞ መቀየር አይከፋም።