ብርጭቆ ሰብሳቢው

ዋሽንግተን ዲሲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ያገኘሁት ሥራ በአንድ የምሽት ክለብ ውስጥ ባዶ ብርጭቆ እየሰበሰብኩ ወደ ጓዳ መመለስ ነበር። ከዓመታት በኋላ «54» የተሰኘውን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን ድራማ ከአጎቴ ጋር ሳሎን ተቀምጠን ስናይ፣ ዓይኔ የተከተለው የሚጨፍሩትን ዝነኞች ሳይሆን በመካከላቸው እየተሹለከለከ ብርጭቆ የሚያነሳውን ልጅ ነው።

ፊልሙ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) በኒው ዮርክ፣ ማንሃተን 54ኛ ጎዳና ስለተከፈተው ስቱዲዮ 54 የተባለ የምሽት ክለብ ይተርካል። ሼን የተባለ የኒው ጀርሲ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ወንዙን ተሻግሮ ይመጣል፤ ማይክ ማየርስ የሚጫወተው የክለቡ ባለቤት ስቲቭ ሩቤል በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ከሕዝቡ መካከል እየለየ ይጠራል፤ ሼንንም ሸሚዙን ካላወለቀ አላስገባም ይለዋል። ልጁ አውልቆ ገባ፣ ጓደኞቹ ደጅ ቀሩ። ከዚያ ብርጭቆ ሰብሳቢ፣ ቀጥሎም ባርማን ሆነ።

ከፊልሙ ሁሉ እውነት የመሰለኝ ይህ የበሩ ትዕይንት ነው። እኔ በነበርኩበት ክለብ አንድ ቅዳሜ ሌሊት፣ ከእኛው ሕንፃ የሚኖሩ ሁለት ሐበሾች በጫማቸው ምክንያት ተመልሰው ጥግ ላይ ቆመው ሳለ፣ እኔ ቆሻሻ ልጥል በጓሮ ስወጣ ተያየን። አንደኛው «አንተስ በየት በኩል ገባህ?» ቢለኝ የያዝኩትን ፌስታል ከፍ አድርጌ አሳየሁት። እውነተኛው ስቱዲዮ 54 ደግሞ ባለቤቶቹ ከግብር የሸሸጉትን ጥሬ ገንዘብ በቆሻሻ ፌስታል ያስቀምጡ እንደነበር ሳነብ፣ የእኔን ሳልፈትሽ መጣሌ ቆጨኝ! ሩቤልና ሸሪኩ ኢያን ሽሬገር በታኅሣሥ 1978 እ.ኤ.አ. በግብር መርማሪዎች ተከበቡ፣ በ1980ም ወኅኒ ወረዱ።

ፊልሙ የማያውቀው የሥራውን ድካም ነው። የተሰበረ ብርጭቆ የማንንም ጣት አይቆርጥም፤ መጠጥ የፈሰሰበት ወለል ጫማ ይዞ አያስቀርም፤ መብራቱ ቦግ ሲል የሚታየው የወደቀ ሻርፕ፣ የአንድ እግር ጫማና ትውከት የትም የለም። አከፋፋዩ ድርጅት የዳይሬክተሩን የማርክ ክሪስቶፈርን ሥራ ቆራርጦ በአዲስ ቀረጻ ማለሳለሱም ጎድቶታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በርሊን ላይ የታየው የዳይሬክተሩ ቅጂ ይሻላል፤ በእሱ ውስጥ ሼን ለማደግ ሲል ብዙ ነገር የሚያደርግ፣ ንጹሕ ያልሆነ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያሉትን በሥራዬ አውቃቸዋለሁ።

አጎቴ ግን ሌላ ነገር ይዘው ነበር። «በ69 እኮ እኛ ሰዓት እላፊ ነበረብን» አሉ። «ቀድሞ የገባ ሰው በሩ ተቆልፎበት ሲጨፍር ያድራል፤ ሲነጋ ነው የሚለቀቀው። እዚህ ለመግባት ይሰለፋሉ፣ እኛ መውጣት ነበር የቸገረን።» አዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረውን ዋልያስ ባንድንም አነሡ፤ የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ወደ አሜሪካ ከመጣ በኋላ ዋሽንግተን ቀርቶ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነድቷል። እሳቸውም የታክሲ ሰው ናቸውና ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝግ አለ።

ፊልሙ ሲያልቅ ለሌሊት ፈረቃቸው ጃኬታቸውን እየለበሱ፣ «ለመሆኑ ያንን ልጅ በሰዓት ስንት ይከፍሉት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«እሱን አላሳዩም፣ ጋሼ» አልኳቸው።