«ሜኖን»ን እርሳስ ይዞ ማንበብ

የግሪክ ፍልስፍና ንባቤ ከፕላቶ አልፎ አሪስቶትል ላይ ደርሷል። ወደፊት ከመግፋቴ በፊት፣ የፕላቶን «ሜኖን» ለመጀመር ለምታስቡ እኔን የጠቀመኝን ላካፍላችሁ።

ምልልሱ ያለ ምንም መግቢያ በጥያቄ ይጀምራል። በጎነት በትምህርት የሚገኝ ነው፣ በልምምድ ወይስ በተፈጥሮ? ጠያቂው በሰሜን ግሪክ ካለችው ከቴሳሊያ የመጣው ወጣት ሜኖን ነው። ሶቅራጥስ፣ በትምህርት መገኘቱ ይቅርና በጎነት ራሱ ምን እንደሆነ አላውቅም ይለዋል። ሜኖን የወንዱን፣ የሴቷን፣ የልጁንና የሽማግሌውን በጎነት ለየብቻ ይደረድራል። ሶቅራጥስ የሚፈልገው ግን እነዚህን ሁሉ በጎ ያሰኛቸውን አንድ ነገር ነው። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግታችሁ የራሳችሁን መልስ ጻፉ። እኔ ይህን አድርጌ፣ የሜኖን መልስ በፈረሰ ቁጥር የእኔንም አብሬ ስፈትን፣ ክርክሩ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ መሆኑ ቀረ።

ከሁሉም በላይ የያዘኝ የካሬው ክፍል ነው። ሶቅራጥስ በሜኖን ቤት በባርነት ያለ፣ ጂኦሜትሪ ያልተማረ ልጅ ያስጠራል። ጎኑ 2 ጫማ፣ ስፋቱ 4 ካሬ ጫማ የሆነ ካሬ ያሳየዋል። ስፋቱ እጥፍ፣ ማለትም 8፣ እንዲሆን ጎኑ ስንት ይሁን? ልጁ ሳያመነታ «4» ይላል፤ ሲታይ ስፋቱ 16 ይወጣል። «3» ይላል፤ 9 ይሆናል። በመጨረሻ በዜውስ ስም ምሎ አላውቅም ይላል። ሶቅራጥስ ወደ ሜኖን ዞሮ፣ ይህ ልጅ ምን ተጎዳ? ይለዋል። ቀድሞ የሚያውቅ መስሎት ነበር፤ አሁን አለማወቁን ስለተረዳ ሊፈልግ ተነሣስቷል።

መልሱን ራሳችሁ ሳሉት። እንደ መጀመሪያው ያሉ አራት ካሬዎችን ገጥማችሁ ትልቁን ሥሩ፤ ከዚያ እያንዳንዳቸውን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ መስመር ክፈሉ፤ አራቱ መስመሮች መሐል ላይ አንድ ያዘነበለ ካሬ ይሥሩ። እያንዳንዱ ግማሽ 2 ነው፤ አራቱ ግማሾች 8። ሶቅራጥስ መልሱን ለልጁ አጉርሶታል የሚሉ አሉ፤ መስመሩን ያመጣው እርሱ መሆኑም እውነት ነው። ግማሾቹን ቆጥሮ 8 መሆናቸውን ማየት ግን ማንም ለሌላው ሊያይለት የማይችለው ነገር ነው። ወረቀቴ ላይ ስደርስበት የማንንም ምስክርነት መጥራት አላስፈለገኝም።

መሐል ላይ አኒቶስ የተባለ የአቴና ፖለቲከኛ ይገባል። በጎነት በትምህርት የሚገኝ ከሆነ ታዋቂው የአቴና መሪ ቴሚስቶክሊስ ልጁን ለምን አላስተማረም? ይለዋል ሶቅራጥስ። ልጁ ፈረስ ላይ ቆሞ ጦር እስከመወርወር ሠልጥኖ ነበር፤ የአባቱን ብልኅነት ግን አልያዘም። አኒቶስ ተቆጥቶ፣ ሰው ለማማት አትቸኩል፣ ተጠንቀቅ ይለዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ሶቅራጥስን ለሞት ካበቁት ሦስት ከሳሾች አንዱ ይኸው ሰው ነው። ይህን እያወቅሁ ማስጠንቀቂያውን ሳነብ ልቤ ይከብዳል።

ወደ መጨረሻው በቴሳሊያ ወዳለችው ከተማ ወደ ላሪሳ የሚወስደው መንገድ ይነሣል። ወደ ላሪሳ ሄዶ የማያውቅ ሰው ግምቱ ትክክል ከሆነ ሌሎችን መርቶ ያደርሳል፤ በዚያች ሰዓት ከሚያውቀው አያንስም። ነገር ግን ምክንያቱን አስቦ ያላሰረው ግምት፣ እውነትም ቢሆን፣ ከአእምሮ ሸሽቶ ይሄዳል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ምልልሱ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም። አሪስቶትል ግን በ«ኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» ሁለተኛ መጽሐፍ፣ ግንበኛ እየገነባ ግንበኛ እንደሚሆን እኛም ፍትሐዊ ሥራ እየሠራን ፍትሐዊ እንሆናለን ይላል። ከዚያም ከባዱን ጥያቄ ራሱ ያነሣል። ፍትሐዊ ሥራ የሚሠራ ሰው ቀድሞውኑ ፍትሐዊ አይደለምን? አይደለም፤ ሰው በአጋጣሚ ወይም ሌላው ስለነገረው በትክክል ሊጽፍ ይችላል፣ ሰዋስው ዐዋቂ ግን አያሰኘውም። ሠሪው ዐውቆ፣ ሥራውን ለራሱ ለሥራው ሲል መርጦ፣ ከጸና ጠባይ ሊሠራው ይገባል። ይህን ሳነብ ላሪሳ ትዝ አለችኝ። በእኔ እይታ ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ነው፤ በአጋጣሚ የተገኘ ትክክለኛ ነገር በምን ይጸናል? ፕላቶ በምክንያት ይላል፤ አሪስቶትል በዚያ ላይ ዓመታት የፈጀ ልምምድ ይጨምራል። ስለ በጎነት ከሆነ እኔ ወደ አሪስቶትል አደላለሁ።

አሁን ስለ ጀግንነት የሚናገረውን የሦስተኛውን መጽሐፍ ክፍል ጀምሬያለሁ። ሁለቱን መጻሕፍት ያነበባችሁ ካላችሁ፣ ይህ ዝምድና ለእናንተም ይታያችሁ እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።