ባና የጎረሰው ጊታሬ

እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምሰራው፣ ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ማታ ሆቴል ውስጥ በባንድ ጊታር እጫወታለሁ፣ ጥርና ሚያዝያ ሲመጣ ደሞ ሰርግ ነው። እንጀራው ሰርጉ ነው እንግዲህ፣ ሆቴሉማ ለሻይ ነው። የምነግራችሁ የ2011 ጥር ላይ የደረሰብኝን ነው፣ ያኔ ዶላር 28 ብር አካባቢ ነበር፣ ዛሬ ቢሆን እንዲህ አይነት ስህተት ለመሳሳት ራሱ አቅም የለኝም።

ድሮ የነበረችኝ የስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር የሚባለው ጊታር) ኮፒ ናት፣ ሦስት ሲንግል ኮይል ፒክአፕ ያላት፣ ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ለቅሞ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ነው፣ ሲንግል ኮይል ደግሞ አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ያለው። ጥሩ ጊታር ናት አልልም፣ ግን ታገለግላለች። ችግሩ የሆቴሉ መብራት ኧርዝ የለውም መሰለኝ እጄን ከክሩ ላይ ባነሳሁ ቁጥር ዝዝዝዝ ትላለች፣ ሊደራችን (ኪቦርድ እሱ ነው የሚጫወተው) በሁለት ዘፈን መሀል ዞር ብሎ "ፍሪጅ ነው እንዴ የያዝከው?" ይለኛል። ደግሞ ቀስ ባለ ትዝታ ወይ አምባሰል ላይ ድምጿ ይሰነጥቃል፣ ክብ አይደለም፣ ጆሮ ላይ እንደ መርፌ ነው። "ሞቅ ያለ ድምፅ ያለው ነገር ፈልግ" አለኝ አንድ ቀን፣ እኔም ከዛን ቀን ጀምሮ ሥራዬን ትቼ ሴሚ ሆሎ ጊታር ማየት ጀመርኩ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ስልኬ ላይ ቀይ ጊታር አያለሁ።

ለማታውቁት፣ ሴሚ ሆሎ ማለት ገላው ግማሽ ባዶ የሆነ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። የሁሉም አባት የአሜሪካው ጊታር ሰሪ ጊብሰን በፈረንጆቹ 1958 ያወጣው ኢኤስ 335 ነው፣ ዳርና ዳሩ ባዶ፣ ላዩ ላይ እንደ ቫዮሊን ሁለት የኤፍ ቅርፅ ቀዳዳ፣ መሀሉ ላይ ግን ከአንገት እስከ ጭራ የሚሄድ ድፍን እንጨት አለው። ፒክአፑ ሃምባከር ነው፣ ሁለት ጥቅል ሽቦ ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱ የለቀመውን ዝዝታ ሌላው የሚያጠፋበት ዘዴ፣ በ1955 ሴት ላቨር የሚባል የጊብሰን ሰው ነው የሰራው (የአዳም ልጅ ሴትን አስቡ፣ ሌላ ነገር አታስቡ)። ጊብሰኑን ለመግዛት ቤት መሸጥ ነው። ለኛ ቢጤው ኤፒፎን ዶት አለ፣ አይባኔዝ ኤኤስ 73 አለ፣ ያኔ አዲሱ 400 ዶላር አካባቢ ነበር፣ ያገለገለ ከተገኘ ደግሞ ይወርዳል።

ይሄን ሁሉ አንብቤያለሁ። ማንበብ አንድ ነገር ነው፣ ጊታሩ ፊትህ ሲቀርብ ቀልብህን መያዝ ሌላ ነገር ነው።

የዘፋኛችን የአክስት ልጅ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው ተባለ። ለምኜ አስለምኜ ያገለገለ እንዲያመጣልኝ ተስማማ፣ ሰውየው ስለ ጊታር ምንም አያውቅም፣ አንድ ሱቅ ገብቶ ፎቶ ላከልኝ። ቀይ ነው። ሁለት የኤፍ ቀዳዳ አለው። ሁለት ፒክአፕ አለው። ዋጋው ካሰብኩት በታች ነው። "ግዛው!" አልኩ፣ ሌላ ፎቶ እንኳን ላክልኝ አላልኩም። ሻጩም አልዋሸ፣ ሰውየውም አልዋሸ፣ ብራንዱንም አልጠራውም ምክንያቱም ጊታሩ በራሱ ጥሩ ጊታር ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው በቃ።

ሲመጣ ቤት ውስጥ ሳልሰካው መታሁት፣ ወይ ጉድ፣ ክፍሉ ሞላ። እናቴ ከጓዳ "ክራር ገዛህ እንዴ?" አለች። እንደዛ ሳይሰኩት መጮሁ ራሱ አንድ ነገር ሊነግረኝ ይገባ ነበር፣ እኔ ግን ደስ ብሎኛል፣ የተደሰተ ሰው ደሞ ምን ይሰማል። ሆቴል ወሰድኩት፣ እዛ ድምፅ ቀንሰን ስለምንጫወት ምንም አላለም፣ ሊደሩ ራሱ "አሁን ጊታር ያዝክ" አለኝ። ሁለት ሳምንት እንደ ሙሽራ ተንከባከብኩት።

ከዛ ደብረ ሲና ሰርግ ተያዘ።

ከደብረ ብርሃን ስትነሳ ጠዋት ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል፣ 2800 ሜትር ገደማ ላይ እኮ ነው የምንኖረው፣ ጣርማበርን አልፈህ ዋሻውን ወጥተህ ቁልቁል ስትወርድ ጃኬት ታወልቃለህ፣ ደብረ ሲና ስትደርስ ላብ ነው። ጊታሩም እንደ ሰው ተሰማው፣ ከሻንጣው ሳወጣው ስድስቱም ክር ወርዷል። ቃኘሁት፣ ድንኳኑ ውስጥ ቦታ ጠባብ ስለነበር ሳውንድ ማኑ ትልቁን ስፒከር ከኋላዬ አንድ ክንድ ተኩል ላይ አቆመው። እኔም ምንም አላልኩም።

ሙሽሮቹ ሊገቡ ነው፣ እልልታው ቀለጠ፣ ሚክሰሩ ላይ ድምፅ ከፍ ተደረገ፣ የመጀመሪያዋን ኖታ መታሁ። ኡኡኡኡኡኡ። በቃ አላቆመም። እጄን ክሩ ላይ ጫንኩ፣ ያው ነው፣ ራሱ ገላው ይንቀጠቀጣል፣ ሆዴ ላይ ይሰማኛል፣ ከታች ካለ ጉድጓድ የሚወጣ አይነት ወፍራም ጩኸት። ሙሽራዋ ደንግጣ ቆመች፣ ቬሎዋን የያዘችው ልጅ ጀርባዋ ላይ ተላተመች። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ላለው ሰው "ጅቡን ማን አስገባው?" ሲሉ ሰማሁ በጆሮዬ። ሊደሩ ምንም አላለኝም፣ አየኝ ብቻ። እሱ ሲሰድብህ ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ የጊታሩን ስስ ደረት ይመታል፣ ደረቱ ክሩን ያንቀጠቅጣል፣ ፒክአፑ ያን ለቅሞ መልሶ ለስፒከሩ ይሰጣል፣ ስፒከሩ ደግሞ እንደገና ደረቱን፣ እንዲህ እየዞረ ያድጋል። መሀሉ ላይ ድፍን እንጨት ያለው ጊታር ደረቱ ስለሚታሰር ይሄን ዙር ቶሎ አይጀምርም፣ ጨርሶ አይጮህም ማለት ሳይሆን ይታገሳል። ይሄን ያን ሰዓት አላሰብኩም፣ ያን ሰዓት ያሰብኩት በየት በኩል እንደምወጣ ነው።

ቮሊዩሙን ወደ ሦስት አወረድኩ፣ ጩኸቱ ቀነሰ ግን ጊታሩም አብሮ ጠፋ። ሁለት ዘፈን እንዲሁ እያስመሰልኩ ተጫወትኩ። እረፍት ላይ የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢቢ ኪንግ ትዝ አለኝ። ሰውየው የኤፍ ቀዳዳው ውስጥ ጨርቅ ይጠቀጥቅ ነበር ፊድባኩን (ይሄንኑ እየዞረ የሚያድገውን ጩኸት) ለማፈን፣ በኋላ ጊብሰን በስሙ ሉሲል ብሎ ሲያወጣለት ጭራሽ ቀዳዳ የሌለው አድርጎ ነው የሰራለት። ወደ ጓዳ ድንኳን ሮጥኩ፣ የሙሽራዋ አክስት ወጥ ያማስላሉ።

"እትዬ፣ አሮጌ ጨርቅ አይጠፋም?"

"ለምንህ ነው የኔ ልጅ?"

"ጊታሩ አፍ ውስጥ ልከተው ነው።"

እጄን ያዩታል፣ ፊቴን ያዩታል፣ የሰከርኩ መሰላቸው መሰለኝ። ከመደቡ ላይ የተቀደደ የመንዝ ባና አነሱ፣ ታውቁት የለ ያ ጥቁር የበግ ፀጉር፣ ሲነካ የሚኮሰኩስ፣ ሽታው ራሱ የክረምት ጭስ የሆነ። በምን ይቆረጥ? ብርንዶ ቤቱ ጋ ሄድኩ፣ ቆራጩ ቢላውን በፎጣ ጠርጎ አንድ ክንድ የሚሆን ቀደደልኝ፣ "ይሄንንም በዳጣ ነው የምትበላው?" ብሎ። ለሁለት ከፍዬ በጣቴና በማንኪያ እጀታ በሁለቱም ቀዳዳ ጠቀጠቅኩት፣ ስፒከሩንም ወደ ጎን አስዞርኩት። ሰራ! እንደ ድሮው አይደለም፣ ትንሽ ታፈነ፣ ግን እስከ አምስት ድረስ ቮሊዩም ቻለ። ማታ የሰርጉ ቪዲዮ ላይ የምታዩት ከጊታሩ ሆድ ጥቁር ፀጉር ተንጠልጥሎ የሚጫወት ሰው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ቤቴ ባናውን ሳወጣ ነው ሁለተኛው ጉድ። የበግ ፀጉር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ የያዘውን አይለቅም፣ ሳብ ሳደርገው ውስጥ ያለውን ሽቦ ይዞ መጣ። የቮሊዩሙ ሽቦ ተበጠሰ፣ ዝም አለ ጊታሩ።

ከተማችን ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አንድ ጋሼ አሉ፣ በየሬዲዮው ሆድ ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው። ወሰድኩላቸው። አገላብጠው አዩት፣ ጀርባውን በጣታቸው ቆረቆሩት።

"የት ነው የሚከፈተው?"

"አይከፈትም ጋሼ።"

"እንዴት አይከፈትም! የሰራው ሰው በየት ገብቶ ነው የሰራው?"

"በቀዳዳው ነው የሚወጣው።"

መነፅራቸውን ከፍ አርገው በጣም ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዛ ባትሪ አምጥተው በአንዱ ቀዳዳ ውስጥ አበሩ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፣ ብርሃኑ በሌላኛው ቀዳዳ በኩል ወጥቶ ኮታቸው ላይ አረፈ። "ባዶ ነው እኮ ይሄ" አሉ፣ "እንደ ከበሮ ነው።" መሀሉ ላይ ድፍን እንጨት ቢኖር ኖሮ ብርሃኑ እዛው ግድግዳ መትቶ ይቀር ነበር። እኔ ሴሚ ብዬ የገዛሁት ሙሉ ሆሎ ነው! ሁለት ወር ሙሉ ስልክ ላይ ሳነብ ከርሜ አንድ ባትሪ አላበራሁም።

ሁለቱ ከፊት ሲታዩ መንትያ ናቸው፣ አትፍረዱብኝ። ኤፒፎን ካሲኖና ኤፒፎን ዶት ከሩቅ ማን ይለያቸዋል፣ ካሲኖው ግን ውስጡ ባዶ ነው፣ ፒክአፑም ፒ 90 ነው፣ እሱም ሲንግል ኮይል ስለሆነ ዝዝታው አይቀርለትም። አይባኔዝ ላይ ኤኤስ የሚለው ሴሚ ነው፣ ኤኤፍ የሚለው ባዶው ነው፣ አንዲት ፊደል። ጭራው ላይ ክሩን የሚይዘው ብረት ደረቱ ላይ በሁለት ብሎን ከተተከለ መሀሉ እንጨት አለ ማለት ሊሆን ይችላል፣ እንደ መሰላል ተንጠልጥሎ ከጠርዙ ከተያዘ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ግን በዚህ ብቻ አትመኑ፣ ጊብሰን ራሱ 335ን በስልሳዎቹ መሀል እንደዛ ተንጠልጣይ አድርጎ ሸጧል። ባትሪው ነው የማይዋሸው።

ጥገናው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ቮሊዩሙን ለማውጣት መጀመሪያ ዘንጉ ላይ የስፌት ክር አስረን፣ ወደ ውስጥ ገፍተን፣ በቀዳዳው አውጥተን፣ ሽቦውን መልሰን በይደን፣ ከዛ በክሩ እየጎተቱ ወደ ቦታው መመለስ ነው። አንዴ ቋጠሮው ተፈታና ውስጥ ወድቆ ቀረ፣ ጋሼ ጊታሩን ገልብጠው ሳጥን ውስጥ የቀረ ሳንቲም እንደሚፈልግ ልጅ ናጡት። ዘንጉ በቀዳዳው ብቅ ሲል ሁለታችንም ጮህን። ያስከፈሉኝ 150 ብር ነው፣ ጨምሬ ልስጥ ብል "ለሬዲዮ ብቻ ነው የማስከፍለው፣ ይሄ ምን እንደሆነ አላውቅም" አሉ።

ያን ጊታር ቤቱ ለብቻው ለሚጫወት አንድ አስተማሪ ሸጥኩት፣ እስካሁን ሲያየኝ ያመሰግነኛል፣ ለሱ ነበር የተሰራው። እኔ ሚያዝያ ላይ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ሄጄ ሙዚቃ ካቆመ ልጅ ያገለገለ ኤኤስ 73 ገዛሁ። ልጁ ሻይ ሳያዝልኝ ባትሪ አወጣሁ። አበራሁ፣ ግድግዳ አለ። አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥሬ አየሁ፣ አንገትና ጭንቅላቱ የሚገናኙበት ጋ ስንጥቅ እንዳለ በጥፍሬ ዳሰስኩ፣ ገመዱን ጃኩ (መሰኪያው) ላይ ሰክቼ ነቀነቅኩ፣ ምክንያቱም መጥበቂያው ከላላ ጃኩ በውስጥ አብሮ ይዞርና አንድ ቀን ሆዱ ውስጥ ይወድቃል፣ ያ ደግሞ ሌላ የስፌት ክር ነው። ከዛ አምፑ ፊት ቁጭ ብዬ ቮሊዩሙን እስከ ጥግ ከፈትኩ። ትንሽ አጉረመረመ፣ አልጮኸም። ልጁ "ወንድሜ ጊታር ነው የምትገዛው ወይስ ሰው ነው የምትመረምረው?" አለኝ።

ስመለስ ቀጥታ ጋሼ ጋ ነው የሄድኩት፣ ላሳያቸው። እሳቸው ሳልነግራቸው ባትሪያቸውን አነሱ፣ በአንዱ ቀዳዳ አበሩ፣ በሌላኛው አጎንብሰው አዩ፣ ጨለማ ነው። "እህ" አሉ፣ "ይሄኛው ግድግዳ አለው።" ደስ አለኝ። ከዛ ገልብጠው ጀርባውን በጣታቸው ቆረቆሩት።

"የት ነው የሚከፈተው?"

"እሱም አይከፈትም ጋሼ።"

"ታዲያ ምኑን መረጥከው?"