ዘበኛ ቀጥሮ በጓሮ በር መውጣት

አርብ ማታ ነበር። የኮድ ለውጥ መዝግቦ በሚይዘው ጊት በሚባል ፕሮግራም ሁለት ብራንች (ለየብቻ የተሠራባቸው የአንድ ኮድ ቅርንጫፎች) ሳዋህድ አንድ የሴቲንግ ፋይል ተጋጨብኝ። የሚቀረውን አስቀርቼ የሚጠፋውን አጠፋሁ። ኮሚት (ለውጡን መመዝገብ)፣ ፑሽ (ወደ ጋራው ማከማቻ መላክ)፣ ላፕቶፑን ዘግቼ ውልቅ። «>>>>>>>» የሚለው፣ ጊት የተጋጨውን ቦታ ለማሳየት የሚጽፈው ምልክት ግን ከፋይሉ ግርጌ ቀርቷል። ሰርቨሩ ፋይሉን ማንበብ አቅቶት አልነሳም አለ። ስልኬ ሌሊቱን ሲጮህ አደረ።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ዳግም እንዳይመጣ ምን ታደርጋለህ?» «እጠነቀቃለሁ» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ጥንቃቄማ አርብም ነበረኝ።

ጊት ለዚህ የሚሆን ነገር አለው፤ ሁክ ይባላል፤ እንደ ኮሚት ያለ ሥራ ሲደረግ በራሱ የሚሮጥ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ነው። በድብቁ የጊት ፎልደር ውስጥ «ሁክስ» የሚባል ሌላ ፎልደር አለ። እኔ ከፍቼው አላውቅም ነበር። ናሙና ስክሪፕቶች ተደርድረዋል፤ ስማቸው መጨረሻ ላይ «ሳምፕል» የሚል ቅጥያ ስላለ አይሠሩም። ከኮሚት በፊት የሚሮጠውን ከፍቼ ሳነብ ሳቄ መጣ። የመጨረሻው መስመር ኮሚት ሊደረግ በተዘጋጀው ለውጥ ውስጥ የግጭት ምልክት መኖሩን የሚፈትሽ ትእዛዝ ነው! የምፈልገው ነገር እስከዛሬ እዚያው አጠገቤ ተኝቷል። ቅጥያውን አነሳሁለት፣ አለቀ። ስክሪፕቱ ዜሮ ከመለሰ ኮሚቱ ያልፋል፤ ሌላ ቁጥር ከመለሰ ይቆማል።

«ዘበኛ ቀጥረናል» ብዬ ለቡድኑ አወራሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ምልክት ከአንድ ባልደረባዬ መጣ። «ዘበኛህ የት ሄዶ ነው?» አለኝ። ለካ ያ ፎልደር ፕሮጀክቱ ክሎን ሲደረግ (ወደ ሌላ ማሽን ሲቀዳ) አብሮ አይሄድም። ሲጠብቅ የከረመው የእኔን ማሽን ብቻ ነው። ነገሩ ልክም ነው፤ ባይሆን የማላውቀውን ሰው ኮድ ባወረድኩ ቁጥር የእሱ ስክሪፕት እኔ ማሽን ላይ ይሮጥ ነበር።

ስክሪፕቱን ከኮዱ ጋር በሚጓዝ ፎልደር ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ እያንዳንዳችን «ኮር ሁክስፓዝ» የሚለውን፣ ጊት ሁክ የት እንደሚፈልግ የሚነግረውን ሴቲንግ ወደዚያ አዞርን፤ ከጊት 2.9 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ሊኑክስ የምትጠቀመው ልጅ ጋ ግን አልሠራ አለ። እኔ ከዊንዶውስ ያስገባሁት ፋይል የመሮጥ ፈቃድ አልነበረውም፤ እንዲህ ሲሆን ጊት ሁኩን ዘሎት ያልፋል።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። እኔ ግን ጣፈጠኝ። የፎርማት ፍተሻ ጨመርኩ። ከዚያ ሊንት (ኮዱ ውስጥ አጠራጣሪ አጻጻፍ የሚፈልግ ፍተሻ)። ከዚያ ቴስቱን በሙሉ። አንድ ፊደል ለማስተካከል 4 ደቂቃ መጠበቅ መጣ። ሰው ኮሚት ማድረግ ሰለቸው። የቀኑን ሥራ አጠራቅሞ ማታ ላይ «ልዩ ልዩ ማስተካከያ» ብሎ አንድ ላይ ይጭነዋል። እንዲህ ያለ ኮሚት ውስጥ ስህተት መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። በመጨረሻ አንዱ «ኖ ቬሪፋይ» የሚለውን አማራጭ አገኘ፤ ሁኩን የሚያዘልል ነው። በሳምንት ውስጥ ሁላችንም ለመድነው። እኔማ ጭራሽ ትእዛዙን በሁለት ፊደል አሳጥሬ አሊያስ (አቋራጭ ስም) ሠራሁለት።

አፍሬ ሁኩን መልሼ ቀነስኩት። ከባዱ ቴስት ወደ ሰርቨር ሄደ። ሁኩ ላይ የግጭት ምልክቱ ፍተሻ ብቻ ቀረ፤ ኮሚት ሲደረግ መኖሩም አይታወቅም። በራስ ማሽን ላይ ያለን ነገር መዝለል ቀላል ስለሆነ ያንኑ ፍተሻ ሰርቨሩም ላይ ደገምኩት። ሰዉ «ኖ ቬሪፋይ»ን ተወ።

ከወር በኋላ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፍተሻ ቀይ በራ። የግጭት ምልክት። ያ ባልደረባዬ ወንበሩን እየገፋ መጥቶ የኮሚቱን ባለቤት ስም ጮክ ብሎ አነበበው። የእኔ ስም ነው።

«ሁኩን አጥፍተኸው ነው?»

ሁኩማ ነበር። ያቺን ባለሁለት ፊደል አሊያስ መሰረዝ ረስቼ፣ ወሩን ሙሉ በእሷ ኮሚት ሳደርግ ከርሜያለሁ።